የዩኒቨርሲቲ ምደባ የመጣበትን ቀን እንዴት መዝግቦ ማስቀመጥ ይቻላል

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እኛ አገር አብዛኞቻችን ፖስታ ከፍተን ያነበብነው የቅበላ ደብዳቤ የለንም። ያለን ምደባ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ገጽ ላይ ቁጥራችንን አስገብተን፣ ገጹ አልከፈት ብሎን፣ ደግመን ሞክረን፣ ኔትወርኩን ረግመን፣ በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲው ስም በአንድ መስመር ብቅ ያለበት ነገር። ስክሪንሾት ይነሳል፣ እልል ይባላል፣ ለዘመድ ይደወላል። ከዚያ ስልኩ ይሰረቃል ወይ ይሰበራል። ከዓመታት በኋላ "እንዴት ነበር ያ ቀን?" ሲባል "ኧረ በጣም ደስ ብሎን ነበር" ከማለት ሌላ የሚወራ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ቀን በወጉ መዝግቦ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ነው። የራሳችሁ ቀን ሊሆን ይችላል፣ የእህታችሁ፣ የልጃችሁ፣ ወይም የአባታችሁ። የምጽፈው ከጅማ ስለሆነ ምክሮቹ ውስጥ የጅማ ዝናብ፣ የጅማ ቡናና የጅማ እርጥበት አለበት። ሌላ ከተማ ያላችሁ እንደየአካባቢያችሁ አስተካክሉት።

ዋናው ምክሬ ቶሎ ይነገርና ይለፍልኝ፦ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰዎቹን ጠይቁ። በዚያች ሰዓት እናንተ ስክሪን ላይ አፍጥጣችሁ ነበር። የእናታችሁን ፊት ያየው ወንድማችሁ ነው። እናንተን ያየቻችሁ እናታችሁ ናት። ጎረቤቷ ምን ሰምታ እየሮጠች እንደመጣች የምታውቀው ራሷ ጎረቤቷ ናት። እናንተ ጋ ያለው ትንሹ ክፍል ነው፣ እሱንም ደጋግማችሁ ስላወራችሁት ሳታውቁት አሳምራችሁታል። የቀረው ሰው ጋ ነው ያለው፤ ሰው ደግሞ ይረሳል፣ ይሄዳል፣ ያርፋል።

ቀኑን ማረጋገጥ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያለፉት ዓመታት የትምህርት ካሌንደራችን ተዘበራርቆ ነው የከረመው። የ2012 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በኮሮና ምክንያት የተፈተኑት በ2013 ነው። የ2013ቶቹ በ2014። የ2014ቶቹ ደግሞ በ2015 መጀመሪያ፣ ያውም ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ። ስለዚህ አንድ ልጅ "የ14 ባች ነኝ" ስላላችሁ ብቻ ምደባው በ2014 ነው ብላችሁ አትጻፉ። ባቹን ለብቻ፣ የተፈተነበትን ጊዜ ለብቻ፣ ምደባው የመጣበትን ለብቻ መዝግቡ።

በዚያው በ2014 ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ ልጅ በሪሚዲያል (የማለፊያ ነጥብ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሪሚዲያል ልጅ ሁለት ቀን አለው፤ ለሪሚዲያል የተመደበበትና ሪሚዲያሉን አልፎ ፍሬሽማን የሆነበት። ብዙ ቤተሰብ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያወራው፣ የመጀመሪያውን እንደ ግማሽ ነገር ይዘለዋል። አትዝለሉት። የመጀመሪያው ቀን ላይ የነበረው ፍርሃትና "እንዳልፍ ጸልዩልኝ" ካልተጻፈ የሁለተኛው ቀን እልልታ ከየት እንደመጣ አይገባም።

የ2008 ተፈታኝ ከሆናችሁ ደግሞ ግንቦት ላይ ፈተናው ሾልኮ የተሰረዘበትና ሐምሌ ላይ እንደገና የተፈተናችሁበት፣ ማኅበራዊ ሚዲያውም የተዘጋበት ዓመት ነው። ያንን ክረምት ከጽሑፉ አታውጡት። ሁለት ጊዜ ያጠና ሰው የምደባ ቀን እንደሌላው አይደለም።

ቀኑን ለማግኘት ስልክ ጥሩ ምስክር ነው። ስክሪንሾቱ ካለ ዝርዝር መረጃውን ክፈቱ፣ ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም ላይም ቀን አለ። ግን ልብ በሉ፤ በቴሌግራም ተልኮላችሁ ያስቀመጣችሁት ፎቶ ከሆነ የሚያሳየው ያወረዳችሁበትን ቀን ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ወደ ቻቱ ተመለሱ። ቴሌግራም ላይ በአንድ ቻት ውስጥ ፍለጋውን ስትከፍቱ የቀን መቁጠሪያ ምልክት አለች፤ እሷን ነክታችሁ ወደ ፈለጋችሁት ቀን መሄድ ትችላላችሁ። "እንኳን ደስ አለህ" የሚለው መልእክት በብዛት የመጣበት ቀን እሱ ነው።

ስልኩ የሚሰጣችሁ የፈረንጅ ቀን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ከዓመቱ ላይ 7 ቀንሱ፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ከሆነ 8። ሰዓቱንም አትርሱ። ስክሪንሾቱ አናት ላይ 21:40 የሚል ካለ ከምሽቱ 3፡40 ማለት ነው። ያቺ ሰዓት ራሷ ብዙ ትናገራለች። ቀን ገጹ ተጨናንቆ አልከፍት ብሎ ሰው ሁሉ ማታ ነበር የሚሞክረው።

ስልክ ከሌለስ? ዙሪያውን ፈልጉ። ከባድ ዝናብ ነበር ወይስ ቡና ለቀማ ተጀምሮ ነበር? እዚህ አካባቢ ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ "ግቢው ውስጥ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር" ያለ ሰው ወሩን አጠበበላችሁ ማለት ነው። መስቀል ቀኑን ይነግራችኋል፣ ዓመቱን ግን አይነግራችሁም። ረመዳን የተሻለ ነው። በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ "ጾም ላይ ነበርን፣ ልናፈጥር ትንሽ ሲቀረን ነው የሰማነው" የሚል ትዝታ ዓመቱንም ወሩንም ለማጥበብ ይረዳል። ጅማ ላይ እንዲህ የሚላችሁ ሰው አታጡም።

የአባታችሁን ወይም የአያታችሁን ቀን የምትጽፉ ከሆነ ስሞቹንም አጣሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስሙ የተመሠረተው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1999፣ በእኛ 1992 ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ 1952 የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅና በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው። ስለዚህ አባታችሁ "በ80ዎቹ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስገባ" ቢሉ አትከራከሯቸው፣ ሁላችንም አሁን ባለው ስም ነው የምናወራው። ጽሑፋችሁ ላይ ግን የእርሻ ኮሌጁ ይሁን የጤናው ለይታችሁ ጻፉ። በእነሱ ዘመን ነገሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ነበር፣ ማትሪክ ነበር፣ ተጋፍቶ ስምን በጣት መፈለግ ነበር። ማን ነው መጀመሪያ ስማቸውን ያየው? እሳቸው ራሳቸው ናቸው ወይስ ሌላ ሰው ሮጦ ነገራቸው? ይህን ጥያቄ ጠይቁ፣ ከሱ ብዙ ነገር ይወጣል።

ሰዎቹን መጠየቅ

በአንድ ላይ አትጠይቁ። ይህ ከሁሉም በላይ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲያወራ የሚያሸንፈው ድምፁ የበረታው ሰው ታሪክ ነው። እኛ ቤት አክስቴ ናት። እሷ ካለች ሌላው ሰው ሁሉ "አዎ አዎ፣ እንደዚያ ነበር" ይላል። እሷ ሌላ ቀን ብቻዋን ትጠየቅ፣ ብዙ ጊዜም ስጧት፣ ይገባታል። ሌሎቹን ግን አንድ በአንድ፣ ሥራ እየሠሩ ሳለ አዋሯቸው። ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ቁጭ ብሎ ከሚጠየቅ ሰው የበለጠ ያስታውሳል።

"ምን ተሰማሽ?" ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ የታወቀ ነው፦ "ደስ አለኛ፣ ሌላ ምን ይሰማኛል።" በቃ፣ ወሬው አለቀ። እጃቸው ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ። እናቴን እንደዚያ ብዬ ነው የጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ቡና እየቆላሁ ነበር" አለችኝ። ወልዲያ ደረሰኝ ብዬ ስገባ ብረት ምጣዱን እሳት ላይ እንደተወችው፣ ስትመለስ ቡናው ከሰል መስሎ እንዳገኘችው፣ ሌላ የተለቀመ ቡና ቤት ውስጥ ስላልነበረ ያንኑ ወቅጣ እንዳፈላችው ነገረችኝ። "ማንም ምንም አላለም፣ ሁላችሁም ጠጣችሁት" አለች። ለዓመታት አልነገረችንም፣ የሚነገር ነገር ነው ብላም አላሰበችም። ታናሽ ወንድሜን ለብቻው ስጠይቀው ደግሞ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ጎረቤቶቹ መምጣታቸውንና ቡናው መራራ መሆኑን ነው። ለምን እንደመረረ አያውቅም ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ ብጠይቃቸው ኖሮ አንዱም አይወጣም።

ሰዓት ማንም አያስታውስም። ግን ቡና በሚፈላበት ቤት አቦል ላይ ነበር ወይስ ቶና ላይ ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አታጡም። በረካ ላይ የደረሰችው ጎረቤት ማን እንደነበረች ሁሉም ያውቃል።

ሌሎች ጥሩ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ስልክ ለማን ተደወለ? ማን ሳይነገረው ቀረ፣ ለምን? ብዙ ቤት ልጁ ተሳፍሮ እስኪሄድ ድረስ "ሰው አይስማ" ይባላል፣ ዓይን ይፈራል። አንዳንዱም የጎረቤት ልጅ ስላላለፈ አፍሮ እልልታውን ይውጣል። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ገንዘቡንም ጠይቁ። አፍራችሁ አትለፉት። ምደባው እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ይመጣል፣ ጥሪው ላይ ደግሞ ዝርዝር አለ፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ዋናውና ኮፒው፣ የ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ። ብርድ ልብሱ ከየት መጣ? ከመርካቶ ተገዛ (የጅማውን መርካቶ ነው የምላችሁ)፣ ወይስ ከቤት አልጋ ላይ ተነሳ? የአልጋው ባለቤት በምን ተኛ? ለትራንስፖርት ማን አበደረ፣ ዕቁብ ማን ቀድሞ ወሰደ፣ በግ ወይ ጥጃ ተሸጠ? እናቶች ስለ ደስታ ሲጠየቁ ባጭሩ ይመልሳሉ፣ ስለ ብርድ ልብስ ሲጠየቁ ግን ቀለሙንም ዋጋውንም ሻጩንም ይነግሯችኋል።

ፍርሃቱን አትቁረጡት። ወልዲያ ስል የእናቴ የመጀመሪያ ቃል "እሱ ደግሞ የት ነው?" ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ወልዲያ ሌላ ከ500 በላይ። እንኳን እሷ እኔም በቅጡ አላውቀውም ነበር። አባቴ ዝም አለ፣ ወጣ፣ ሲመለስ መንገዱን ከሚያውቅ ሾፌር ጋር ሲያወራ ቆይቶ ነው የመጣው፤ የትኛው ከተማ እንደሚታደር፣ የት እንደሚበርድ ሁሉ ጠይቆ። ሩቅ የተመደበ ልጅ ያለው ቤት እልልታው ውስጥ ጭንቀት አለበት። ያለ ጭንቀቱ ከጻፋችሁት የሰርግ ካሴት ነው የሚሆነው።

ስለ መቅዳት ትንሽ ልበል። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱ፣ ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና እርሱት። ክረምት ላይ ከሆነ ጠዋት ቅዱ። ከሰዓት በኋላ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የምትሰሙት ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ስትጨርሱ ወዲያው ለፋይሉ ስም ስጡት፤ የማን ድምፅ እንደሆነና ቀኑን። "ሪከርዲንግ 17" ተብሎ የተቀመጠ ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም አይከፍተውም። ሌላ ስልክ ወይም ፍላሽ ላይም ገልብጡት።

አያታችሁ በአፋን ኦሮሞ ካወሩ በአፋን ኦሮሞው ጻፉት። የሚያግዛችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ጅማ ላይ ሞልቷል። አማርኛውን ለሚፈልግ ዘመድ ከሥር ጨምሩለት።

ሁለት ሰው ሲጋጭ ዳኛ አትሁኑ። እናት "ሐሙስ ነበር፣ ገበያ ወጥቼ ነበር" ካለች፣ አባት "የለም፣ ዓርብ ነበር፣ ከሶላት ስመለስ ነው የነገራችሁኝ" ካለ፣ ሁለቱንም ጻፉ፣ የማን እንደሆነ ጨምራችሁ። ምናልባት ሁለቱም ልክ ናቸው። እሷ ሐሙስ ሰምታ እሱ ዓርብ ሰምቶ ይሆናል፣ ለምን አንድ ቀን እንደዘገየበት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

ስሙ ያልወጣው ጓደኛ

ሁሉም ቤት አለ። አብራችሁ ያጠና፣ አብራችሁ ኢንተርኔት ቤት የሄደ፣ የእናንተ ሲመጣ የእሱ ያልመጣ። ይህን ሰው መጠየቅ አለባችሁ ወይስ የለባችሁም? እኔ ጠይቁ ባይ ነኝ፣ አሁንም የምትገናኙ ከሆነ። ዓመት ሙሉ ሳትደውሉለት ድንገት "ያንን ቀን እንዴት ታስታውሰዋለህ?" ብትሉት ግን ነውር ነው።

የኔ ጓደኛ ቀኑን ከኔ በተሻለ ያስታውሳል። እኔ ብቻዬን ያየሁት ይመስለኝ ነበር። ለካ ቁጥሬን ያስገባው እሱ ነው፣ የኔ እጅ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን ስስት። የራሱን አይቶ ጨርሶ ነበር፣ ግን የኔ እስኪመጣ ሳይነግረኝ ቆየ። ከዚያ አጂፕ ከሚባለው የጅማ ሰፈር እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ፣ ባጃጅ መያዣ ነበረው፣ ግን ቤት ቶሎ መድረስ አልፈለገም። አሁን ደህና ሥራ አለው፣ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ስታገኙ ስሙን አትጻፉ፣ ወይም ፈቅዶ ከሆነ ብቻ ጻፉ። የጻፋችሁትንም አስነብቡት። "ምስኪን" የሚል ቃል ካለበት አውጡት።

ወረቀቶቹ

አሁን መሳቢያውን ክፈቱ። የምትፈልጉት ነገር የተማሪዎች የፈተና አድሚሽን ካርድ፣ የውጤት ወረቀት፣ የምደባው ፕሪንት ካለ፣ የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ኮፒ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ በዚያ ሳምንት የተነሳችሁት ጉርድ ፎቶ። ጉርድ ፎቶውን ችላ አትበሉት። ለምዝገባ ብላችሁ ተቻኩላችሁ የተነሳችሁት ፎቶ የዚያን ሳምንት ፊታችሁን ይዟል፣ ምናልባትም የያዘው እሱ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፣ በእስክሪብቶ ከሆነ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።

ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ያገኛችሁ ወይም የግል ኮሌጅ የገባችሁ እውነተኛ ደብዳቤ ወይ ኢሜይል አላችሁ። ኢሜይሉን ላኪው፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። የጽሑፉን ስክሪንሾት ብቻ ከያዛችሁ መቼ እንደመጣ አይታወቅም።

ስማችሁ ተሳስቶ የተጻፈበት ወረቀት ካለ አትጣሉት። እኔ ጋ የአያቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት የታተመ ወረቀት አለ። ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ የተመላለስኩት፣ "ነገ ና" የተባልኩት፣ ሁሉም የቀኑ ታሪክ ነው። ስክሪኑ ላይ የነበረውንም ከነስህተቱ ቃል በቃል ገልብጡት።

አሁን ስለ ጅማ እርጥበት። እዚህ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ወረቀት ይሻግታል፣ ይጣበቃል፣ ምስጥም አለ። ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር ዋናውን ዶክመንት ላሚኔት ማስደረግ ነው። እባካችሁ አታድርጉ። በሙቀት ከተለጠፈ በኋላ ወረቀቱን ሳይጎዱ መላጥ አይቻልም፣ ከጀርባው ማኅተም የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ካለም ችግር ነው። ላሚኔት የሚደረገው ኮፒው ነው። ፌስታል ውስጥም አትጠቅልሉት፣ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ደረቅ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ከታችሁ፣ ፖስታውን ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣል አድርጉበት፣ በየጊዜው ለውጧት። ቆርቆሮውን መሬት ላይ ወይም ከውጪ ግድግዳ አስጠግታችሁ አታስቀምጡ፣ በተለይ ጭቃ ቤት ከሆነ። በጋ ሲመጣ ወረቀቶቹን አውጥታችሁ ጥላ ላይ አናፍሱ። ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ፀሐይ ቀለም ይበላል።

የተቀደደ ካለ በፕላስተር አትለጥፉት፣ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል። ከማሽን የሚወጣ ደረሰኝ በራሱ ጊዜ ይነጣል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። ሐምራዊ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከውሃ በጣም አርቁ፣ ይለቃል። ስቴፕለርና የብረት መያዣ ካለበት ንቀሉት፣ እዚህ አገር ዝጎ ወረቀቱን ይበሳል።

መጻፉ

ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ መጻፉ አይከብድም። አንድ ማታ ይበቃዋል። "ሕልሜ እውን የሆነበት ቀን" ብላችሁ አትጀምሩ። ምንም ከመታወቁ በፊት በነበረው ሰዓት ጀምሩ። ማን የት ነበር፣ ምን ይበስል ነበር፣ መብራት ነበር ወይስ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ዜናው በቤቱ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሄደ ተከተሉት። ከእናንተ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ተመልሶ አባታችሁ ጆሮ። ይህ መንገድ ራሱ የጽሑፋችሁ ቅርጽ ይሆናል፣ ሌላ አትፈልጉ።

ሰው የተናገረውን እንደተናገረው አስቀምጡ። "እናቴ ስለ ርቀቱ ስጋቷን ገለጸች" አትበሉ። "እሱ ደግሞ የት ነው?" አለች በሉ፣ አለቀ። ማን ማን፣ ምኑ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ እንደሚመጣ አስቡ። የዛሬ 20 ዓመት የሚያነበው ልጅ ሪሚዲያል ምን እንደነበር፣ ኢንተርኔት ቤት ምን እንደሚመስል፣ ለአንድ ገጽ ስንት ብር ይከፈል እንደነበር አያውቅም። በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት።

ርዝመቱ ሦስት አራት ገጽ ቢሆን በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ዘመድ አያነበውም፣ "ኋላ አየዋለሁ" ብሎ ያስቀምጠዋል። መጨረሻውን የት ላድርገው ለምትሉ፣ ልጁ አውቶቡስ ላይ በወጣበት ጠዋት አቁሙ። የዩኒቨርሲቲው ኑሮ ሌላ ጽሑፍ ነው፣ ዶርሙም ካፌውም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፣ አሳትሙት። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ኮፒ ቤት ሞልቷል፣ በጥቂት ብር ያወጡላችኋል። ገጾቹን በስቴፕለር ሳይሆን በመርፌና ክር ስፉት። በግራ በኩል ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዉ፣ መጨረሻ ላይም አንድ ሁለት ባዶ ገጽ ጨምሩ። አንድ ኮፒ ለእናት፣ አንድ ለእናንተ፣ አንድ ከጅማ ውጭ ላለ ዘመድ ስጡ፤ ቤት ጎርፍ ቢገባ ወይ እሳት ቢነሳ አንዱ ይተርፋል። የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ያንብበው፣ ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። "እንደዚህ አይደለም!" የሚል አይጠፋም። እሱን አትከራከሩት፣ እስክሪብቶ ስጡትና ባዶው ቦታ ላይ በራሱ እጅ ይጻፈው፤ ስሙንና ቀኑንም ከሥሩ ያስፍር።